የቮልስ ቴስታታ ስተድ እንዴት ይተከላል? ከጊቤ ዳገት የተማርኩት

አበልቲ ዳገት ላይ ነው የጀመረው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስመለስ ነበር። ጊቤን ተሻግሬ መውጣት ስጀምር ከኋላ ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጭስ ማውጫው የተሰነጠቀ መስሎኝ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ ዝም አልኩት። ሰኮሩ ስደርስ ቮልሷ ጉልበት አጥታለች። ከአሰንዳቦ ወዲህ ያለውን መንገድ ባጃጅ እየቀደመኝ ጅማ ገባሁ።

ሞተሩን አውርደን ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ራስ) ልንፈታ ስንል ጉዱ ታየ። አንዱ ዳዶ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይጠብቅም። ስተዱ የብሎኩን (የሞተሩን ዋና ገላ) ጥርስ እንደ ሽቦ ጠቅልሎ ይዞት ወጥቷል። ከዚያ በፊት ሞተሩን ያሰረልኝ መካኒክ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎበት «አይዞህ፣ ይሄ ከእንግዲህ አይላላም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። አልላላም፤ ተነቀለ።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ሞተርና የሁለት ጓደኞቼን ቮልስ በእጄ ሠርቻለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፣ ከጉልበት ደግሞ መራቅ ይፈልጋል።

ለምን ይነቀላል?

ስተድ ማለት ጭንቅላት የሌለው፣ ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ረጅም ቡሎን ነው። አንዱ ጫፉ ብሎኩ ውስጥ ይቀበራል፤ በሌላው በኩል ቴስታታው ይገባበትና በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራል። ቮልስ ላይ በየጎኑ 8፣ በድምሩ 16 ናቸው። ሲሊንደሮቹ በብሎኩና በቴስታታው መካከል ተጣብቀው የሚቆሙት በእነዚህ ብቻ ነው። እንደ ውሃ ሞተር (በውሃ እንደሚቀዘቅዘው) ሰፊ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መካከል የሚገባ ማሸጊያ፣ ስለሌለ፣ አንድ ስተድ ከላላ ጋዙ ወዲያው ይሾልካል። ፍስ ፍስ የሚለው እሱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የቮልስ ብሎክ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ ቴስታታው አልሙኒየም ነው፣ ስተዱ ብረት ነው። ማግኒዚየም ሲሞቅ ከብረት ከእጥፍ በላይ ይለጠጣል፣ አልሙኒየምም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ጠዋት በብርድ በልክ ያሰራችሁት ዳዶ ሞተሩ ሲግል ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠብቃል። በብርዱ ከልክ በላይ ካሰራችሁት፣ ዳገት ላይ የሚጨመረውን ጉልበት የሚሸከመው የብሎኩ ለስላሳ ጥርስ ነው፣ እሱ ደግሞ አይችልም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አለፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ቮልስ ደግሞ የምትቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው። ወደ ጊቤ በረሃ ወርዶ መልሶ መውጣት ምን እንደሚያደርጋት አስቡት።

ፋብሪካው ራሱ ችግሩን አይቶታል። የድሮዎቹ ሞተሮች 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስተድ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 8 ሚሊሜትር ቀነሱት፣ ብሎኩ ላይ ደግሞ ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ ቀበሩበት። መቅጠኑ ድክመት ይመስላል፤ አይደለም። ቀጭኑ ስተድ እንደ ሞላ ትንሽ ይለጠጥና ብሎኩን ያሳርፈዋል። የናንተ የትኛው እንደሆነ በካሊፐር ለኩ፣ የምታጠብቁበት ልክ የሚለየው በሱ ነው።

አፈታት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ዳዶዎቹን በአንዴ አትፍቱ፤ ከዳር ወደ መሃል እየተሻገራችሁ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ሩብ ዙር፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል።

ከዚህ በኋላ አንድ ካርቶን ፈልጉ። የብስኩት ካርቶን ይበቃል። የብሎኩን ሁለት ጎን ሥሉበት፣ 16 ቀዳዳ ብሱበት፣ እያንዳንዱ ስተድ ሲወጣ በየቦታው ሰኩት። ስተዶቹ ርዝመታቸው አንድ አይደለም። «አስታውሰዋለሁ» ያለ ሰው ሁሉ ማታ ላይ ሁለት ስተድ በእጁ ይዞ ሲያፈጥ አይቻለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ስተድ ሳይወጣ ከብሎኩ ፊት እስከ ጫፉ ስንት ሚሊሜትር እንደወጣ ለኩና ካርቶኑ ላይ ጻፉት። ይሄ ቁጥር ኋላ ወርቅ ነው።

ስተዱን ለማውጣት ሁለት ዳዶ ይበቃችኋል። ሁለቱንም ጥርሱ ላይ አስገቡ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አጋጭታችሁ በሁለት መፍቻ ቆልፏቸው። ከዚያ የታችኛውን፣ ማለትም ወደ ብሎኩ የቀረበውን ዳዶ ወደ ግራ አዙሩ፤ ስተዱ አብሮ ይወጣል። ስታስገቡ ደግሞ የላይኛውን ወደ ቀኝ። የቧንቧ መፍቻ ግን ስተዱ ገላ ላይ እንዳታስነክሱ። የመፍቻው ጥርስ የተወው ጭረት ነገ ስተዱ የሚበጠስበት ቦታ ነው።

አልወጣ ካለ የዝገት መፍቻ ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ (ዳዶው ላይ እንጂ ጥርሱ ላይ አይደለም)፣ ከዚያ ሞክሩ። ሙቀት ካስፈለገ የሙቅ አየር ማራገቢያ ተጠቀሙ።

እሳት ግን በፍጹም። የብየዳ ነበልባል ብሎኩ ላይ አታስጠጉ። ማግኒዚየም በእሳት ይነድዳል፣ በተለይ ብናኙና ፍቅፋቂው። ከተያያዘ ውሃ አትድፉበት፣ ያባብሰዋል፤ ደረቅ አሸዋ ነው የሚያጠፋው። እኔ ስሠራ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አጠገቤ አለ። የክረምት ጅማ ላይ ደረቅ አሸዋ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፣ ቢሆንም አስቀምጡ።

ቀዳዳውን ማጽዳት

ብዙ ሰው የሚያልፈው ይሄን ነው። የተሳሳተ ጥብቀት የሚመጣው ደግሞ ግማሹ ከዚህ ነው። ቀዳዳ ውስጥ አሮጌ ዘይትና ጭቃ ካለ ስተዱ ጥርሱን ሳይጨርስ የገባ ይመስላችኋል። ዘይቱ መውጫ ካጣ ደግሞ እንደ ጃክ ሆኖ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

መጀመሪያ የተከፈቱትን የሲሊንደር ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። በየቀዳዳው ነጭ ጋዝ ጨምሩ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ ከዚያ በኮምፕረሰር ንፉ። ዓይናችሁን ሸፍኑ። አንድ ጊዜ ሳልሸፍን ነፍቼ ግማሽ ቀን እንባዬን ስጠርግ ውያለሁ። ቀጥሎ ትክክለኛ ልክ ያለው ታፕ (የውስጥ ጥርስ ማውጫ) በእጅ ብቻ ውስጡ አሽከርክሩ። ለ10 ሚሊሜትሩ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው። ታፑ እንዲያጸዳ ነው የምትፈልጉት፣ እንዲቆርጥ አይደለም። ከከበደ አትግፉ፣ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መልሳችሁ ንፉና እንደገና።

አሁን ጥርሱን በባትሪ እዩ። ጫፉ የሾለና ሙሉ ከሆነ ደህና ነው። የተላጠ፣ የተኛ፣ ወይም ታፑ ሲገባ ልቅ ልቅ የሚል ከሆነ እሱ ስተድ አይሸከምም። ሲልኮን ቀብቶ፣ ቀጭን ሽቦ ጠቅልሎበት መትከል የሚባል ነገር አለ፤ ሰምቼዋለሁ፣ ሲሠራም አይቻለሁ፣ ከጅማ ተነስቶ ሰርቦ ሳይደርስ ሲነቀልም አይቻለሁ።

የብረት ቡሽ ማስገባት

ጥርሱ የሄደ ቀዳዳ መድኃኒቱ ውስጡም ውጩም ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ ነው። የሽቦ ጥቅልል ዓይነትም አለ፣ ሄሊኮይል የሚሉት። ለትንሽ ቡሎን ጥሩ ነው። ለቴስታታ ስተድ ግን ወፍራሙን ቡሽ እመርጣለሁ፣ ብሎኩን የሚነክስበት ስፋት ይበልጣል።

አንድ ስተድ ከተነቀለ 16ቱንም አስገቡ። አውቃለሁ፣ ወጪው ያማል። ግን አንዱን የነቀለው ሙቀትና ጉልበት ሌሎቹንም ሲጎትት ኖሯል። ሞተሩን ዛሬ አንዱን ብላችሁ ዘግታችሁ ከስድስት ወር በኋላ ለሁለተኛው ማውረድ የባሰ ያማል። ቡሹን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የቮልስ ዕቃ ከሚያውቅ ሰው አስፈልጉ። ካጣችሁ ጥሩ ቶርኖ ቤት ያወጣዋል፣ ናሙና ስተድ ይዛችሁ ሂዱ።

መብሳቱን በእጅ ትራፓኖ አትሞክሩ። ይሄን ስል ራሴን ነው የምመክረው፣ ሞክሬ አንዱን ቀዳዳ አጣምሜዋለሁና። ዓይን የማያየው ጥመት ብሎኩ ላይ ሲሆን፣ ስተዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ቴስታታውም አልገባም ይላል። ብሎኩን ቶርኖ ቤት ውሰዱት፣ የሲሊንደሩ መቀመጫ ፊት ወለል ሆኖ መሰርሰሪያው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ አሲዙት። ቢቻል ብሎኩ ለሁለት ተከፍሎ ባዶውን ይሂድ። ፍቅፋቂው ኮሎው (ክራንክሻፍቱ) አጠገብ ከገባ ሌላ መዘዝ ነው። እኔ ብሎኩን የወሰድኩላቸው ጋሼ መሰርሰሪያውን ከማስነሳታቸው በፊት ማዕዘኑን ሦስት ጊዜ ለኩ፣ ፍቅፋቂውን ደግሞ እየጠረጉ በቆርቆሮ ጣሳ ዘጉት፤ አጠገባቸው ግራይንደር ሲነሳ «አቦ፣ አጥፋው!» ብለው ልጁን ጮኹበት። ሰው የምታምኑት እንዲህ ስታዩት ነው።

ከተበሳና ጥርስ ከወጣለት በኋላ ቀዳዳውን በቤንዚን እጠቡ፣ አድርቁ። ቡሹን ከውጭ ሙቀት የሚችል የጥርስ ማጣበቂያ ትንሽ ቀቡትና አስገቡ። ከብሎኩ ፊት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ ሲሊንደሩ እሱ ላይ ይቀመጥና ሁሉም ነገር ይበላሻል። ማጣበቂያው እስኪይዝ አንድ ቀን ተዉት።

ስተዱን መትከል

አሮጌውን ስተድ መልሳችሁ ልትጠቀሙ ከሆነ ፈትሹት። መስታወት ላይ አንከባልሉት፤ ከተንቀጠቀጠ ተጣሟል። መሃሉ ላይ ቀጥኖ ከሆነ ተለጥጦ አልቋል። አዲስ ዳዶ በጣት ብቻ እስከ ጥርሱ መጨረሻ መግባት አለበት። ከሦስቱ አንዱን ከወደቀ ጣሉት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ዘይት ቀቡት። ጅማ ላይ ክረምት ከገባ ያልተቀባ ብረት በሁለት ቀን ቀይ ይለብሳል።

አንዳንዶቹ ቀዳዳዎች ወደ ሞተሩ ውስጥ፣ ዘይት ወዳለበት ዘልቀው የሚከፈቱ ናቸው። በባትሪ ስታዩ ትለዩአቸዋላችሁ። እነሱ ላይ የሚገባው ስተድ ጥርሱ ላይ ዘይት የሚችል ማሸጊያ በስሱ ይቀባ። ካልተቀባ ዘይቱ በጥርሱ እየተሳበ ይወጣና «የቱ ጓርኒሲዮን ነው የሚያንጠባጥበው?» እያላችሁ ትከርማላችሁ። የውሃ ሞተር የምትሠሩ ሰዎችም ይሄን ልብ በሉ። የናንተ አንዳንድ ቀዳዳ ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን ካርቶኑን አምጡ። ስተዱን በጣታችሁ አስገቡ። በጣት! የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ዙሮች ያለ መፍቻ፣ ያለ ምንም ትግል መሄድ አለባቸው። የማይሄድ ከሆነ ተጣሞ ገብቷል፣ አውጡት። በጣት የሚቻለው ሲያልቅ ሁለቱን ዳዶ ቆልፋችሁ በአጭር መፍቻ ብቻ ቀስ ብላችሁ እንዲቀመጥ አድርጉት። ስተድ ብሎኩ ውስጥ አይታሰርም፤ ይቀመጣል። የሚታሰረው በላዩ የሚገባው ዳዶ ነው። ብዙ ሰው ስተዱን ራሱን እስከ ቀዳዳው ወለል ገፍቶ ያጨቀዋል። ያኔ የመጨረሻው ጥርስ ተወጥሮ ነው የሚጀምረው፣ ዳዶው ሲጨመርበት ደግሞ ይሰናበታል።

ሁሉም ከገቡ በኋላ ካርቶኑ ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩ። በማዕዘን መለኪያ ቀጥ ማለታቸውን እዩ። ከዚያ ባዶውን ቴስታታ ያለ ሲሊንደር በስተዶቹ ላይ አንሸራቱት። በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። የሆነ ቦታ ከያዘ የትኛው ስተድ እንደተጣመመ ፈልጉ እንጂ በጎማ መዶሻ አትውቀጡት።

ቴስታታውን ማሰር

ፒስቶን፣ ፋሻና ሲሊንደር መግጠሙ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ሁለት ነገር ብቻ። በሲሊንደሮቹ መካከል ከሥር የምትገባዋን የአየር መምሪያ ቆርቆሮ አትርሱ። ተረፈችኝ ብሎ የሚጥላት ሰው አለ፣ ያለሷ ሲሊንደሩ ይቃጠላል። የፑሽሮድ (የቫልቭ መግፊያ ዘንግ) ቱቦዎቹ ደግሞ ከመግባታቸው በፊት በእጅ ይለጠጡ። ለ1300፣ 1500 እና 1600 ሞተር ከ190 እስከ 191 ሚሊሜትር፣ የስፌታቸው መስመር ወደ ላይ።

ሮንዴላዎቹ ጠፍጣፋና ንጹሕ ይሁኑ። በቫልቭ ክዳኑ ውስጥ የሚቀሩት ዳዶዎች ዘይት ውስጥ ስለሆኑ ሮንዴላቸው ሥር ትንሽ ማሸጊያ ይቀባ። የዳዶውን ጥርስ በዘይት ነካ አድርጉ። ደረቅ ጥርስ የቶርክ መፍቻውን (ጥብቀቱን በኒውተን ሜትር የሚለካውን) ያታልለዋል፣ ጠበቀ ይላችኋል እንጂ አልጠበቀም።

ሁሉንም በጣት ካስገባችሁ በኋላ መጀመሪያ 8ቱንም በ10 ኒውተን ሜትር። ከዚያ መሃል ያሉትን አራቱን በመስቀል፣ ቀጥሎ የዳሮቹን አራት በመስቀል፣ ወደ መጨረሻው ልክ። 10 ሚሊሜትር ስተድ ከሆነ 32 ኒውተን ሜትር፣ 8 ሚሊሜትር ከሆነ 25። አለቀ። እጃችሁ «ትንሽ ልጨምር» ይላችኋል፤ 25 ኒውተን ሜትር ለለመደ እጅ ምንም አይመስልም። አትስሙት።

የቶርክ መፍቻ የሌለው ወይም ያለውን የማያምነው ሰው ምን ያድርግ? ጅማ የቡና አገር ነው፣ ባለ መንጠቆ ሚዛን የማይገኝበት ሰፈር የለም። መፍቻው ላይ ከዳዶው መሃል 32 ሳንቲሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። ሚዛኑን እዚያ አንጠልጥሉ፣ ከመፍቻው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ሳቡ፣ 10 ኪሎ ሲያነብ ቁሙ። 32 ኒውተን ሜትር ደረሳችሁ። ለ8 ሚሊሜትሩ ምልክቱ 25 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን፣ ያው 10 ኪሎ። በዚያው በ25ቱ ምልክት ላይ 4 ኪሎ ደግሞ የመጀመሪያውን 10 ኒውተን ሜትር ይሰጣችኋል። የተዋስኩትን ቶርክ መፍቻ በዚህ ስፈትሸው ሩብ ያህል አብልጦ ሲያጠብቅ አገኘሁት፣ ባለቤቱ ግን እስከ ዛሬ አላመነኝም።

እያሰራችሁ ሳለ አንዱ ዳዶ ከሌሎቹ በተለየ ለስለስ ብሎ መዞሩን ከቀጠለ ቁሙ። ጥርስ እየሄደ ነው። ያኔ ማቆም ቡሽ ያስከፍላል፣ መቀጠል ብሎክ።

ከዚያ በኋላ

ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፣ የሚይዝ ነገር አለመኖሩን እዩ። የቫልቭ ክፍተቱን በብርዱ 0.15 ሚሊሜትር አስተካክሉ። 2.5 ሊትር ዘይት፣ ከዚያ አስነሱ።

የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎሜትር ረጋ በሉ። ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ፣ ከሥር ያለችውን ወንፊት አውጥታችሁ የሚያብለጨልጭ ፍቅፋቂ መኖሩን እዩ። ማግኔት አይይዘውም፣ በዓይን ነው። የቫልቭ ክፍተቱንም እንደገና ለኩ። ዳዶዎቹን መልሳችሁ ማጥበቅ አለባችሁ የሚል ክርክር ጅማ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ አለ። የኔ አቋም፦ በብርዱ በዚያው ልክ ፈትሹ፣ ቶርክ መፍቻው ወዲያው ልኩን ከጠቆመ አትንኩት። በየአገልግሎቱ «ትንሽ ትንሽ» መጨመር ስተዱን በየተራ መንቀል ነው።

እኔ ከሠራሁ በኋላ መጀመሪያ ሰርቦ፣ ቀጥሎ አሰንዳቦ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ሄድኩ። ስመለስ ጊቤ ድልድዩ አጠገብ ግማሽ ሰዓት አቁሜ አቀዘቀዝኳት፣ ከዚያ አበልቲን በሁለተኛ ማርሽ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ሬዲዮውን ዘግቼ ወጣሁት።